እማዬ ገና ናት

የነገረችኝ ልብስ ሰፊዋ ናት፣ ለጎረቤቴ ትንሿ ልጅ ቀሚስ ልትለካላት ወገቧ ላይ ሜትር አዙራ ሳለች ልጅቷ ራሷ፣ እማዬ አባታችን ሆይ ስንል አንድ ቦታ ላይ አፏ ይቆማል፣ አለቻት፣ ልብስ ሰፊዋም ሜትሩን አንገቷ ላይ ጥላ በረረች ወደ እኔ፣ አዲስ ወሬ ይዛልኝ መምጣቷ ነው፣ ወይ ጉድ፣ ለእኔ! በእኔና በእነሱ መሃል እኮ ያለው ሳንቃ ነው፣ ወዲህ እኔ፣ ወዲያ ልብስ ተኳሿ፣ ካውያዋ የምላት፣ ከሁለቱ ሴት ልጆቿ ጋር፣ ሲያስነጥሳቸው ይማርሽ የምላቸው እኔ፣ ታዲያ የሰው ድምፅ መሃል ላይ ሲቆም አይሰማኝም?

አዳምጣለሁ፣ አዎ፣ ማን ምን ያመጣል፣ ጆሮ ክዳን የለው።

አሁንም ምስሬን ይዤ ሳንቃው ሥር ቁጭ ብያለሁ፣ ጠጠሩን ወዲያ፣ ምስሩን ወዲህ፣ ካውያዋ ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ ገብታለች፣ የጋለ ጨርቅ ሽታ ቀድሟት ይገባል፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ትውልና ማታ ደግሞ የራሷ ልጆች፣ ጫማ አውልቁ፣ እጅ ታጠቡ፣ ኑ ተንበርከኩ፣ መጽሐፍ የላት፣ ትምህርቷም ከእኔው እኩል ነው፣ ማለት የለም ማለት ነው፣ እሷ የምታውቀው መጠየቅ ብቻ፣ ዛሬ ማን አስከፋሽ፣ አንቺስ ማንን አስከፋሽ፣ በምን ደስ አለሽ፣ እሱን ንገሪው። ትንሿ፣ ፌንጣ ነው የምላት፣ አንድ ቦታ አትቀመጥም፣ ጌታ ሆይ አስተማሪያችን ጉንፋን ስለያዛት አመሰግንሃለሁ ብላ ቁጭ፣ ትልቋ ሳቋ አፈናት፣ እኔ ወዲህ ምስሬን ልደፋው፣ እናትየው ግን ምን አለች፣ ይስማው፣ እውነት እስከሆነ ይስማው፣ እግዚአብሔር ፊት ውሸት የለም።

እሷው ራሷ አለችው እንግዲህ። እሷው ራሷ።

ይቅርታዋ ጋ ሲደርሱ፣ የበደሉንን ይቅር የምንልበት ቦታ፣ የእናትየው ድምፅ ይጠፋል፣ ሁለቱ ቀጫጭን ድምፆች ብቻቸውን ይሻገራሉ፣ ወዲያ ማዶ እናታቸው ትቀበላቸዋለች። ለምን እንደምትዘል እኔ አውቃለሁ፣ እኔ ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ፣ ባሏ ሹፌር ነበር፣ መኪናው ተገለበጠና ሞተ፣ በተቀበረ ዕለት እናቱ ፍራሿን ወደ ደጅ ወረወረችው፣ ገፊ፣ ልጄን የገፋሽ፣ የሆድሽንም ማን እንደሚያውቅ፣ ውጪልኝ፣ ፌንጣ ያኔ ሆድ ውስጥ ናት እኮ! የፍራሹን አንድ ጫፍ ይዤ እዚህ ያደረስኩት እኔ ነኝ። እና ይቅር በያት? እኔ ብሆን አልዘልም፣ አቁሜ ስሟን ጠርቼ ነበር የምከስሳት።

ለልጆቹ ግን ነግራቸው አታውቅም፣ አያታችሁ ሩቅ ናት፣ በቃ። እኔም ትንፍሽ አላልኩም፣ እኔ! ይህ አፍ! ምላሴን ነክሼ አሳደግኋቸው፣ ወሬኛ የሚለኝ ሁሉ ይስማ።

ከዚያማ ፌንጣ ያዘቻት፣ እማዬ ለምን ትዘያለሽ፣ ዝም ብለሽ ጸልዪ፣ አይ፣ ለምን ትዘያለሽ፣ እግዚአብሔር ፊት ውሸት የለም አላልሽም? አንቺ ካላልሽ እኔም አልልም፣ ትልቋም ታናሿን አይታ አፏን ገጠመች። ያን ሰሞን ጸሎት አልነበረም ወዲያ ማዶ፣ ሳህን ብቻ ይንኳኳል። ባሏን አፈር በላው፣ ቤቷን አማቷ ወሰደች፣ ይቺ የጸሎት ሰዓት ብቻ ነበረች የቀረቻት፣ ከሥራ ገብታ ልጆቿን ግራና ቀኝ አንበርክካ፣ እሷም ልትሄድባት ነበር።

ደግሞ የሰፈሩ አፍ! ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፣ አስመሳይ ናት፣ ራሷ ያልቻለችውን ለሕፃን ታስተምራለች? አንቺ ደግሞ ሰፍተሽ የማትለብሺው ስንት አለ፣ አልኳት፣ ኩርፍ። መምህሩም ሰምተው መጡ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ እሳቸው ክፉ አይደሉም፣ ችኩል ናቸው እንጂ፣ ልጄ፣ ልጅ ከእናቱ አፍ ነው የሚማረው፣ ወይ አብረሽ በይው ወይ ማስተማሩን ለእኛ ተይው። ጆሮዬን ሳንቃው ላይ ለጠፍኩ። መምህር፣ አለች ካውያዋ፣ ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው፣ አፌማ ይለዋል፣ አፍ ምን ይሳነዋል፣ ልጆቼ ግን ልቤ ውስጥ ነው የሚገቡት፣ ሐሰት ሆኖ ቢያገኙት ሌላውንም ሁሉ ሐሰት ነው ይላሉ፣ ማስተማሩንም ለማንም አልሰጥ፣ ቡና ጠጥተው ይሂዱ። እሰይ! ሳንቃው ባይኖር አንገቷን አንቄ እስማት ነበር።

እሳቸው እንደ ወጡ ጠራቻት፣ ነይ ፌንጣዬ፣ እኔ ያወጣሁላትን ስም እሷም ትጠራታለች፣ ቁጭ በይ፣ ሰው በድሎኛል፣ ይቅር ልለው እፈልጋለሁ፣ አልሆነልኝም፣ ስለዚህ አልዋሽም፣ ማነው እማዬ፣ ስሙን አልነግርሽም፣ ካወቅሽው አንቺም ትጠዪዋለሽ፣ እኔ እስኪሆንልኝ አንቺ በይልኝ። ልጅቷ አሰበች፣ ስታስብ ወለሉን በተረከዟ ትመታለች፣ ጠብ ጠብ ጠብ፣ እሺ፣ ግን ለእግዚአብሔር እነግረዋለሁ። ያን ማታ ሦስቱም ተንበረከኩ፣ ያቺ ቦታ ስትደርስ ፌንጣ ጮክ አድርጋ አለችው፣ ጨመረችበትም፣ እማዬ ግን ገና ናት፣ ጠብቃት። ከዚያ ወዲህ በየማታው እንዲሁ ነው፣ እማዬ ገና ናት፣ ጠብቃት፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው አለ፣ ጠብቁት እንደሚባል።

ምን ይላሉ መምህሩ? ይበሉ። የተጻፈው ላይ የለም ይበሉ።

ቆይ፣ ማነው ይህ፣ የዱላ ድምፅ ነው፣ ሳል፣ ይህን ሳል አውቀዋለሁ፣ ፍራሽ ሲወረወር ከኋላው የነበረ ሳል ነው! ምስሩ ተደፋ፣ ይደፋ። አማቷ ደጃቸው ላይ ቆማለች፣ ልጆቹን ልይ ብዬ ነው፣ ትላለች፣ ድምፅዋ ምን ነካው፣ ያ ሁሉ ጩኸት የት ገባ። ዝጊባት፣ እላለሁ በሆዴ፣ ዝጊባት የኔ ልጅ፣ ካውያውን ይዘሽ ውጪ! ካውያዋ ግን ትልቋን፣ ወንበር አውጪላቸው፣ ደጁ ላይ፣ በሩን አትዝጊው፣ እማማ፣ ጸሎት ላይ ነን፣ ይቀመጡ። እማማ አለቻት! እርስዎ አለቻት! እኔ ልፈነዳ ነው።

ይጸልያሉ፣ ሴትየዋ ደጅ፣ እነሱ ውስጥ፣ እኔ ሳንቃው ላይ፣ ፌንጣ እንግዳ ሲኖር ይብስባታል፣ ትጮሃለች፣ ያቺ ቦታ ደረሰች፣ የእናትየው ድምፅ ጠፋ፣ እማዬ ግን ገና ናት፣ ጠብቃት። ዱላው ወለል ነካ። ማነው የበደላት የኔ እናት፣ አለቻት ሴትየዋ ለፌንጣ። አልነገረችንም፣ አለች ፌንጣ፣ ስሙን ካወቅን እንጠላዋለን። ሴትየዋ ስንት ዓመት ሙሉ ስሜ ክፉ ተብሎ ተነግሯቸዋል ብላ ነው የመጣችው፣ ይኸው ስሟ ሳይነሳ ተቀምጦ ቆያት።

እኔ ነኝ፣ አለች አያትየዋ።

ፌንጣ ተረከዟን መታች፣ ጠብ ጠብ ጠብ፣ እንግዲያው አንቺም ጠብቂ፣ አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን ሰፋ አድርጋ ሰፋችው፣ ልጅቷ ታድግበታለች። መምህሩ ይመጣሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ስለዚያ ነገር አያነሱም። የአያትየዋ ወንበር ከደጅ ወደ ውስጥ ገብቷል። ካውያዋ ያቺን ቦታ እስከ ዛሬ አላለችም። ፌንጣ ትልላታለች። እኔ ሳንቃው ጋ ነኝ።