ወደ ፍላሽ ያልተገለበጠው

«ፈልቃቂ የተባለው መሣሪያ አልተገኘም» አለ ኮምፒዩተሩ ለሰባተኛ ጊዜ። ሸምሱ መልሶ ሞከረ፤ ያው ነው።

ፕሮግራሙን ሃስኬል በሚባል የኮምፒዩተር ቋንቋ የጻፈው የጤና ጣቢያ ባልደረባው ከማል ነበር። ከማል ከአራት ቀን በፊት ከሚሴ መግቢያ ላይ ከሞተር ወድቆ ሞተ። ፕሮግራሙ በጨፋ ሸለቆ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ያቋረጡትን ሰዎች ስም በየሳምንቱ ያወጣል። በሽታው የሚደበቅ ስለሆነ ከማል ስሞቹን ቆልፎ ነበር የሚያስቀምጠው፤ ወረቀት ላይ አይሰፍሩም። ያለ ፕሮግራሙ ፋይሉ ቁጥራቸውን ብቻ ያሳያል። አርባ አንድ ናቸው።

የከማል ላይብረሪ፣ የፕሮግራሙ ኮድ ስብስብ፣ ሸምሱ ፍላሽ ላይ አለ። አናቱ ላይ «በማንኛውም ማሽን ይሠራል» ተብሎ ተጽፎበታል። የሚደገፍባቸውን ሌሎች ላይብረሪዎች ሸምሱ ከኢንተርኔት አወረዳቸው። ቁልፉን የሚፈታውን ኮድ የሚያዘጋጀውን ፈልቃቂን ግን ከማል ራሱ ሠርቶ ላፕቶፑ ላይ ብቻ ጭኖት ነበር። ሁልጊዜ እዚያው ስለነበረ መኖሩንም ሳይረሳው አልቀረም።

የቀብሩ ዕለት የከማል አባት ሸህ ሙሳ ሕዝቡ ፊት ቆመው «ልጄ ዘንድ አማና፣ በአደራ ያስቀመጠው ነገር፣ ያለው ይናገር» ብለው ነበር። ሸምሱ አጠገባቸው ቆሞ ዝም አለ። ፍላሹ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ደግሞስ ሰው ቀብር ላይ ስለ ፕሮግራም ይወራል? አሁን በዚያ ዝምታው አፈረ። ወዲያው ለሸህ ሙሳ ደውሎ ላፕቶፑን እንዲሰጡት ለመናቸው።

ከሰዓት በኋላ ሸህ ሙሳ በፎጣ ጠቅልለው ራሳቸው ይዘውት መጡ።

«ያ ሸምሱ፣ አከም ጅርታ?» አሉት፤ እንዴት ነህ ማለታቸው ነው በኦሮምኛ።

ሸምሱ ላፕቶፑ የተሸጠ መስሎት ፈርቶ ነበርና ሲያየው እንባው መጣ። እጃቸውን ስሞ ተቀበላቸው፤ ከፈተው። ስክሪኑ ላይ ከቆሻሻ ቅርጫቱ ምልክት በቀር ምንም የለም።

«ዘፈኑም ፎቶውም ነበረበት» አሉ ሸህ ሙሳ ቀስ ብለው። «ወንጀልና ኃጢአቱ ቀብሩ ድረስ እንዳይከተለው ብለን ባለሱቁ ዘንድ ወስደን ሁሉንም አስጠረግነው። እናቱ ናት ያሰበችው።»

ሸምሱ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ከፈተ። ሁሉም ባዶ ናቸው። ሊጮህባቸው ፈለገ፤ ቀና ብሎ ሲያያቸው ዐይናቸው በለቅሶ አብጧል። እዚያ ሸለቆ ውስጥ አርባ አንድ ሰው እያሳለ ከልጆቹ ጋር አንድ ቤት ያድራል፤ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ሸህ ሙሳ የወንበሩን ጀርባ ይዘው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። «እስቲ ደህና አድርገህ እይልኝ ልጄ። የሱ የሆነ አንድም ነገር አልቀረበት?»

ሸምሱ ላፕቶፑን ከደነው። «አንድም የለም፣ አባቴ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሽማግሌው፤ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ።