ከግራ የመጣው ብርሃን

ፎቶ አንሺው ብልጭ እንደሚለው ከሆነ፣ የሌሊት ወፎቹ ያንን ዋሻ ጥለው የጠፉት በእህቱ መረብ ነው። የዋሻው አፍ ላይ መረብ ዘርግታ እናቶቹን እየያዘች ክንፋቸውን ስትለካ፣ ቤታቸው ቤት መሆኑ ቀረባቸው። እህቱ እንደምትለው ደግሞ መረቡ ከተጠቀለለ ውሎ አድሯል፤ ያባረራቸው የእሱ የፎቶ መብራት ነው። ዓይናቸውን ያልገለጡ ግልገሎች ከጣሪያው እንደ በሰለ ፍሬ የረገፉት እሱ መብራቱን ሲያንቦገቡግ ነው።

ሁለቱም ይህንኑ በእናታቸው ፊት ምለዋል። እናትየው ግን፣ "ሰው በመሬት ይጣላል፣ በሚስት ይጣላል፤ እናንተ በሌሊት ወፍ!" ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ከዚያ በፊት ዓለምን አብረው ዞረዋል። ደን ለደን፣ ዋሻ ለዋሻ፤ እሷ ታጠናለች፣ እሱ ያነሳል። ከዚያ ወዲህ ግን እሷ ለጠባቂዎቹ በሰጠችው ቃል የተነሳ አንድም የዋሻ ጠባቂ ለብልጭ በር አይከፍትለትም። ለእሷ በአንጻሩ ለዓመታት ደጅ የጠናችበት ትልቅ ዋሻ በመጨረሻ ተፈቅዶላት ሻንጣዋን ሸክፋለች። በመካከላቸው የቀረው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። ጽሑፉ የእሷ፣ ፎቶው የእሱ።

የመጽሐፉን ሽፋን ለመምረጥ ማተሚያ ቤት ተገናኙ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ከምድር ቤት የሚመጣው የማሽን ድምፅ ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል። ገጽ አቀናባሪው ስፖንጁ የወጣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ግልገሎቹ ሲረግፉ የተነሳውን ፎቶ ከፈተ።

"ሽፋኑ ይሄ ነው" አለ ብልጭ።

"በሬሳ መጽሐፍ አይሸጥም።"

"እንግዲያው ጽሑፍሽን ታቅፈሽ ውጪ፣ ዶክተር እትዬ።"

"ያለ እኔ ጽሑፍ ያንተ ነገር የሠርግ አልበም ነው።"

ገጽ አቀናባሪው ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔ ውጭ ልጠብቅ እንዴ?"

"ተቀመጥ!" አሉት ባንድ አፍ። ከተጣሉ ወዲህ የተስማሙበት ነገር ይኸው ብቻ ነበር።

"ይልቅ አሳድገው" አለች ገጽ አቀናባሪውን፣ "የገደላቸውን አንድ በአንድ ይያቸው።"

ፎቶው ሰፋ፤ ስክሪኑ ሞላ። ጥፍር የሚያካክሉ ራቁታቸውን የሆኑ ግልገሎች አየር ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ከጀርባቸው ዓለቱ ላይ ጥላቸው አርፏል። ጣቷን ወደ መጀመሪያው ቀሰረች። ጣቷ ግን እዚያው ቀረ።

ጥላው የወደቀው ወደ ቀኝ ነው። የብልጭ መብራቶች ደግሞ የቆሙት በቀኝ በኩል ነበር፤ ዘንጎቻቸውን ስትተክል ያገዘችው ራሷ ናት። ብርሃኑ ከዚያ ቢመጣ ኖሮ ጥላው ወደ ግራ በወደቀ። ደግሞስ የእሱ ብልጭታ የሚርገበገብን ክንፍ አስቁሞ እንደ ድንጋይ ቀጥ ያደርጋል። እዚህ ግን ክንፉ ሁሉ እንደ ጭስ ደብዝዞ ተዘርግቷል።

በግራ በኩል የገባችው እሷ ነበረች። ግንባሯ ላይ ያሰረችው መብራት የሌሊት ወፎቹን የማይረብሽ ቀይ ክዳን ነበረው። መግቢያው ላይ ቴርሞሜትር ለማንበብ ክዳኑን ገለጥ አድርጋ ነበር። መልሳ ዘግታዋለች፤ ቢያንስ እስከ ዛሬ ዘግቼዋለሁ ብላ ኖራለች።

"መብራትህ አልበራም ነበር" አለች ቀስ ብላ።

"ያች የምሽቱ የመጀመሪያ ፎቶዬ ናት። መብራቴን ገና አልለኮስኩም ነበር።" ፈገግታው ጥርስ ብቻ ነበር። "ባለፈው ሳምንት ለሽፋን ሳሳድጋት ነው ያየሁት። አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ ከረመ አይደል?"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"በዓይንሽ እንድታዪው።" ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋት። "ግድ የለሽም፣ ወንድምሽ ነኝ። ገጽ አቀናባሪው ብርሃኑ የመጣበትን የግራ ጎን ይቆርጠዋል፣ ጥላውን ያጠፋዋል፤ ወደ ዋሻሽም ትሄጃለሽ። አንቺም ለጠባቂዎቹ 'ተሳስቼ ነው፣ አስገቡት' ትያቸዋለሽ። አለቀ።"

ወደ ገጽ አቀናባሪው ዞረች። "ቀጣዩን ክፈተው።"

በቀጣዩ ፎቶ ጥላው ወደ ግራ ነበር፤ ክንፉ ቀጥ ያለ፣ እያንዳንዱ ፀጉር የሚታይ፣ ግልገሎቹም አሁንም እየረገፉ። የዚያ ቀጣይም እንዲሁ።

"ሲወድቁ አይተህ ነው የለኮስከው" አለች።

"ሥራዬ ነዋ! አንቺ ባበላሸሽው እኔ ባዶ እጄን ልውጣ?"

ይህን ሲል እሱም ያለውን የሰማ መሰለ፤ ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ አነሳ።

ገጽ አቀናባሪው ማውዙን እንደያዘ፣ "ታዲያ ልቁረጠው?" ሲል ጠየቀ።

"እንዳትነካው" አለች። "ሽፋን ይሁን፣ ከነጥላው። ሥሩ ላይ 'ብርሃኑ የእኔ ነው' ብለህ ከነስሜ ጻፍ። አንተም ወንድሜ ስማ፤ ለጠባቂዎቹ የሰጠሁትን ቃል አልሽርም፣ ራሴን እጨምርበታለሁ። ከእንግዲህ ግልገል ያለበት ዋሻ አንተም አትገባም፣ እኔም አልገባም፤ የተፈቀደልኝም ዋሻ ቢሆን ይቅር።"