የሕፃኑ ጢም

ሕፃኑ ቂርቆስ ጢም አበቀለ። እትዬ እናትዓለም ይህን ወሬ ለወተት አምጪዋም፣ ለቧንቧ ሠሪውም፣ በራቸው ላይ ለቆመ ሁሉ ሳይሰለቹ ነገሩ። ጣና ሐይቅ ላይ ደቅ ደሴት ባለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ከእናቱ ጋር የተሳለው ሕፃን፣ እሳቸው የቀይ ከፋይ መጋረጃ በስለት ከላኩ ወዲህ ነጭ ጢም አወጣ። ሰኞ ጢሙ አገጩ ላይ ነበር፤ ሐሙስ ደረቱ ላይ ደረሰ።

ሩሐማ ከሐይቁ ዳር፣ ፔዳ በሚባለው ሰፈር፣ እሳቸው ግቢ ተከራይታ የምትኖር የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ናት። እናቷ የደቅ ሰው ስለሆኑ ልጅ ሳለች በየዓመቱ ለንግሡ ይወስዷት ነበር። ግድግዳው ላይ ከተሳለው ሁሉ ሽማግሌ ቅዱስ መካከል እኩያዋ ሕፃኑ ቂርቆስ ብቻ ነበርና፣ ቅዳሴው ሲረዝምባት ምላሷን ታወጣበታለች። ወሬው ሲበዛባት ቅዳሜ ጀልባ ተሳፍራ ሄደች።

መጋረጃውን ስትገልጠው ግድግዳው አልቦታል። ቀዩ ከፋይ በስሱ የጥጥ መጋረጃ ላይ ተደርቦ፣ የክረምቱን እርጥበት አፍኖ ይዞ፣ በሕፃኑ ፊት ላይ ሻጋታ አብቅሏል። ከፊቷ የነበሩት ሁለት ሴቶች ጢሙን ለበረከት በጥፍራቸው ፍቀው የልጆቻቸውን ግንባር ቀቡ። ጥፍራቸው ውስጥ የሕፃኑ ቀሚስ ቢጫ ቀለም አብሮ ገባ። ንግሡ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ደርሷል። የሚመጣው ሕዝብ ሁሉ ቁንጥር ቁንጥር ከወሰደ ሕፃኑ ፊት አይተርፈውም።

ከፋሲካ ወዲህ የተሾሙት ቄሰ ገበዝ፣ መምሬ ጥዑመ ልሳን፣ ነገሩ እሳቸውንም እንቅልፍ እንደነሳቸው ነገሯት። ግን ስለት የሰጠው ሰው ራሱ ካልፈቀደ ከመቅደስ መጋረጃ አይወርድም፤ ደንብ ነው። መጋረጃው የማን እንደሆነ ሩሐማ አልጠየቀችም፤ ሳምንቱን ሙሉ ስትሰማው የከረመች ናትና።

ማታውኑ ለእትዬ እናትዓለም ስታስረዳ አኮረፏት።

«የእኔን ስለት ሻጋታ አልሽው? ቅዱስ የሚሠራውን አንች በመነጽር ነው የምትለኪው?»

«እርስዎስ እትዬ፣ በዓይንዎ አይተውታል?»

አላዩትም። ጣናን ከዳር ሆነው እንጂ ከላዩ አያውቁትም፤ ጀልባ ያስፈራቸዋል። መጋረጃውንም በሰው እጅ ነው የላኩት። ወሬውን ጀልባ ነጂዎች ነገሯቸው፣ እሳቸው አሳደጉት። ሩሐማ ይህን አውቃ ነው የጠየቀች፤ እሳቸውም ማወቋን አውቀው፣ በማግሥቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ጀልባው ውስጥ ተቀመጡ። እስከ ደቅ ድረስ የሩሐማን ክንድ አልለቀቁም። ክንዷ ጠቆረ፤ ምላሷ ግን ደኅና ነበር፤ ማዕበል በመጣ ቁጥር የጢሙን ርዝመት ትጠይቃቸዋለች።

እትዬ እናትዓለም ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ ተሳለሙ፣ ከፋዩን ገለጡ። ሊስሙት አፍንጫቸውን ሲያስጠጉ ቆም አሉ። ደግመው አሸተቱ።

«ይህን ሽታ አውቀዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «አምና ክረምት በርበሬዬን በፌስታል አስሬ ያስቀመጥሁት ጊዜ የመጣብኝ ነው።» ከዚያ ሕፃኑን አዩት። «አፍነነው ኖሯል።»

መምሬ ጥዑመ ልሳን ፈቃዳቸውን ሲጠይቋቸው ጊዜ አልፈጁም። የእኔ ነው፣ ፈቅጃለሁ፣ አውርዱት አሉ፤ ራሳቸውም መሰላሉን ያዙ። የቅኔ ማሕሌቱ መስኮቶች ተከፈቱ። በዚያ ሳምንት ደግነቱ ዝናቡ ጋብ ብሎ ነፋስ ገባ። ግድግዳው ሲደርቅ ሩሐማ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ ከመሥሪያ ቤቷ ተውሳ ባመጣችው ለስላሳ ብሩሽ፣ ያለ ውኃ፣ ቀስ እያለች ጠረገችው። የአንድ ጉንጩን ቀለም ጥፍር ጨርሶታል፤ አልተመለሰም። ሌላው ግን ደኅና ወጣ፤ አገጩም፣ ትልልቅ ዓይኖቹም። ማንም ሳያያት ምላሷን አወጣችበት።

ለንግሡ ሕዝቡ ሲጎርፍ ሕፃኑ ከስሱ የጥጥ መጋረጃ ጀርባ ንጹሕ ሆኖ ጠበቀው። እትዬ እናትዓለም ከሴቶቹ በር አጠገብ ተተክለው፣ ሕፃኑን የላጩት እሳቸው መሆናቸውን ለገባ ለወጣው ይነግራሉ።

በፊት ቄሰ ገበዝ የነበሩት መምሬ ኪዳነ ወልድ ከመራዊ ለበዓሉ መጥተው ነበር። ከሩሐማ ጎን ቆመው ወሬውን እስከ መጨረሻው አደመጡና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«የወረደው መጋረጃ እኮ የአንድ የመራዊ ነጋዴ ስለት ነው ልጄ። የእሳቸው ቁመቱ አጥሮብን ዕቃ ቤት አስቀመጥሁት፤ ተሰቅሎ አያውቅም።»