አሥራ ሰባት ቁጥር

የኔትወርክ ባለሙያው ጋትደት ከሥራው ሁሉ የሚወደው ማስረዳት ነው። የሚሰማው ሰው ካገኘ ስለ ገመድ ሲያወራ ምሳውን ይረሳል። በዚያ ሐሙስ ጠዋት የገጠመው ሰሚ የእርዳታ ድርጅቱ የጋምቤላ ቅርንጫፍ ኃላፊ አስማረ ነበር። አስማረ ደግሞ የሰማውን አይረሳም።

«ይሄ ፋየርዎል በረኛ ነው» አለ ጋትደት፣ ከአዲስ አበባ የመጣውን ሳጥን በመዳፉ እየነካ። «ይሄ ስዊች ደግሞ ሰፈር ነው። በመሃል ያለው ገመድ አንድ ብቻ፤ እንደ ባሮ ድልድይ። ሁሉም በዚያ ያልፋል። በረኛው ማን ከየት እንደመጣ እንዲያውቅ እያንዳንዱ ምልክት ይዞ ይመጣል። አጎቴ ግንባሩ ላይ እንዳለው።»

አስማረ ቀና ብሎ የጋትደትን ግንባር አየ። የኑዌር ወንዶች ግንባር ላይ የሚበጣው ስድስት መስመር እሱ ላይ የለም፤ አባቱ ወንጌላዊ ስለነበሩ አላስበጡትም።

«አንተማ ምልክት የለህም። በረኛው ምን ያደርግሃል?»

«ምልክት የሌለው ይጣላል» አለ ጋትደት፤ ሁለቱም ሳቁ።

ሥራው የቢሮውን ኔትወርክ ለሦስት መክፈል ነበር፤ አሥር ቁጥር ለኃላፊዎች፣ ሃያ ለሠራተኞች፣ ሠላሳ ለእንግዶች። እንግዳ ኢንተርኔት ያያል እንጂ ፕሪንተሩም የቢሮው ፋይልም አይከፈትለትም። ጋትደት ሳጥኖቹን አገናኝቶ ሲጨርስ አስማረ ሳጥኖቹ ያሉበትን ክፍል ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተና አንዲት ቁራጭ ወረቀት ሰጠው። ስም የለባትም። ሦስት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሰባት፣ ሃያ ሁለት ይላል። በየግድግዳው ያሉት የኔትወርክ ሶኬቶች ቁጥር ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ጽፎ የለጠፋቸው ራሱ ጋትደት ነው።

«እነዚህን እንግዳ አድርጋቸው።»

«ዘጠኝ ቁጥር እኮ እማማ ወለተ ናቸው!»

«አውቃለሁ። ፕሮጀክቱ ተቀንሷል። ነገ የስንብት ደብዳቤ ይደርሳቸዋል፤ ቀድመው ከሰሙ ፋይል ያጠፋሉ። አንተ ዝም ብለህ ሥራ። ያንተም ደብዳቤ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።»

ደብዳቤ! ጋትደት አራት ዓመት ሙሉ በየስድስት ወሩ ኮንትራት ሲያድስ ኖሯል። ሚስቱ ኛኩዋት ልጆቹን ይዛ ኢታንግ እናቷ ቤት ነች፤ የቋሚነት ደብዳቤ የወጣልኝ ዕለት ቤት ተከራይቼ አመጣችኋለሁ ብሏታል። ስለዚህ የምን ደብዳቤ እንደሆነ አልጠየቀም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ወይዘሮ ወለተሥላሴ የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። ጋትደት ሲቀጠር ዋስ አምጣ ተብሎ በከተማው ሲንከራተት፣ የማያውቁት እኚህ ሴት ናቸው የፈረሙለት። «ፊቱ የሌባ አይደለም» ብለው ነበር። ይህን አልረሳውም። እያስታወሰውም ዘጠኝ ቁጥርን ወደ ሠላሳ፣ ወደ እንግዶቹ አዛወረው።

አሥር ደቂቃ አልቆየም፣ እሳቸው በሩ ላይ ቆሙ። ጋትደት የሚሠራው አስማረ ባለፈው ሳምንት «እዚያ አየር አለ» ብሎ ባዛወረው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር።

«ልጄ፣ ፕሪንተሩ እምቢ አለኝ። የፑኝዶው መኪና ቆሞ ይጠብቀኛል፣ የአጎበሩን የዕቃ መውጫ ወረቀት ማተም አለብኝ።»

«ይስተካከላል፣ እማማ» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

«እግዜር ይስጥህ።»

አፈረ። ማፈሩስ ማንን ጠቀመ? ጣቱ አላቆመም። ሦስት፣ አሥራ አንድ፣ ሃያ ሁለት አለቁ። የቀረው አሥራ ሰባት፣ የሾፌሮቹ ክፍል ነው። ምስኪን ሪክ፣ መኪና የሚመድበው፣ እሱም ሊሄድ ነው ብሎ አዘነለትና አዛወረው።

ስክሪኑ ደረቀ። አንዴ ሞከረ፣ ደገመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ሥር ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት አየ። በራሱ እጅ ጽሑፍ አሥራ ሰባት ይላል። ሾፌሮቹ ከዚህ ክፍል ወጥተው ዋናው በር ጋ ከሄዱ ሳምንት ሆኗቸዋል።

ጋትደት ብቻውን ሳቀ። ራሱን ውጭ ያልቆለፈ ባለሙያ የለም። አስማረም ሾፌሮቹ መውጣታቸውን ረስቶ ነው። ገመዱን በቀጥታ ስዊቹ ላይ ሰክቶ ለማስተካከል ቁልፉን ሊጠይቅ እየሳቀ ሄደ።

«አቶ አስማረ፣ ራሴን ቆለፍኩ! ቁልፉን ስጠኝ።»

«ሌላው ሁሉ ይሠራል?»

«ሁሉም ይሠራል።»

«ጎሽ። የይለፍ ቃሉን እዚህ ላይ ጻፍልኝ፣ እንዳይረሳ።»

ጻፈለት። ትልቁን ፊደልና ትንሹን እንዳያምታታው ከሥሩም አሰመረለት። አስማረ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ መሳቢያውን ከፈተና ፖስታውን ሰጠው።

«አልተሳሳትክም፤ አሥራ ሰባት አንተ ነህ» አለ። «ምልክት የሌለው ይጣላል አላልክም?»

ደብዳቤው ሦስት መስመር ነው። ጋትደት ሁለቴ አነበበው፤ ቋሚ የሚል ቃል የትም የለበትም። ፖስታውን ይዞ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ ወይዘሮ ወለተሥላሴ አሁንም ፕሪንተሩ አጠገብ ቆመዋል። ፖስታውን አዩ፣ ፊቱን አዩ።

«ምነው ልጄ?»

«አሰናበቱኝ።»

«አንተን? ምን አጠፋህና?» ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «ቆይ፣ እኔ አለሁልህ። ዋስህ እኮ ነኝ! አሁኑኑ ገብቼ እነግረዋለሁ፤ እኔን እምቢ አይለኝም።»

ሊይዛቸው እጁን ዘረጋ። ቢያስቆማቸው ለምን እንደሆነ መናገር ሊኖርበት ነው። እጁን መለሰ። እሳቸውም የአስማረን በር አንኳኩተው ገቡ።