ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ተመልካቾች

«ከእነዚህ ውስጥ ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስቱ እኛው ነን» አለ የኮምፒውተር ባለሙያው፣ የእስክሪብቶውን ጫፍ ስክሪኑ ላይ አሳርፎ።

የአውቶቡስ ድርጅቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ከኋላው ቆማ ነበር። የመጣችው ከሪፖርቷ ጋር የምታያይዘውን አንዲት ባለቀለም ግራፍ ለመውሰድ ብቻ ነው። የማኔጅመንቱ ስብሰባ ሊጀመር አንድ ሰዓት አልቀረውም።

«እኛው ማለት?»

«ይሄ ሕንፃ ነዋ። ሠራተኛው ሁሉ የኢንተርኔት ስርጭቱን ይክፈት ተብሎ ደብዳቤ ተበትኖ የለ? ሒሳብ ክፍል ከፈተ፣ ግዢ ክፍል ከፈተ። እኔ ራሴ በሁለት ኮምፒውተር ከፍቼ ሻዬን እጠጣ ነበር።» ብቻውን ሳቀ። «ከውጭ የገቡት ሃያ ስድስት ናቸው። እነሱም ቢሆኑ በአማካይ አራት ደቂቃ ቆይተው ወጥተዋል። የሾፌሮቹ የዓይን ምርመራ ቀነ ገደብ ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነበር የተነገረው?»

«አርባኛው» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲህ።»

«ይህን ሌላ ሰው አይቶታል?»

«ማን ጠይቆኝ? አንቺም ዛሬ ገና መምጣትሽ ነው፣ እሱም ለግራፍ። ከፈለግሽ በሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ልሥራልሽ፤ ግራፍ እንደሆነ አፍ የለው።»

ፊቷ ጋለ። ያቃጠላት ቀልዱ አልነበረም፤ እሷም ይህንኑ አስባ ኖሯል።

ድርጅቱ ለሾፌሮቹ የሚለው ነገር ሲኖረው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ስምሪት ሳይወጣ፣ በየዴፖው ሰው ልኮ በቃል ይነግራቸው ነበር። ከሦስት ወር ወዲህ ግን ይህ ቀርቶ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሚተላለፍ የኢንተርኔት ቀጥታ ስርጭት ተተካ፤ ለሙከራ። ስርጭቱ ለድርጅቱ ይስማማዋል ወይስ አይስማማውም የሚለውን አጥንታ እንድታቀርብ የታዘዘችው እሷ ናት። ሙከራውን የመራችውም እሷው። ፈታኙም ተፈታኙም አንድ ሰው በሆነበት ፈተና ማን ወድቆ ያውቃል? አሥራ ሁለት ገጽ ጻፈች። ገጽ ሦስት ላይ «መረጃው ለሠራተኛው በወቅቱ ደርሷል» ይላል። የዓይን ምርመራው ቀነ ገደብ ያለፈባቸው አርባ አንድ ሾፌሮች ታግደው ከመሪ መነሣታቸው ደግሞ ገጽ ዘጠኝ ላይ «በግለሰቦች ቸልተኝነት» ተብሎ ታልፏል።

ቸልተኝነት! ቢሮ ተቀምጦ «ልኬያለሁ» ማለትን «ደርሷል» ማለት አድርጎ የሚቆጥር ሰው ይህን ቃል በሌላው ላይ ለመጻፍ እጁ አይንቀጠቀጥም። የእሷም አልተንቀጠቀጠ፤ ታላቅ ወንድሟ ከአርባ አንዱ አንዱ መሆኑን እያወቀች እንኳ።

ግራፉን ሳትይዝ ወጣች። ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ፣ የሰው ኃይል ክፍሉ በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። የሥራ ልብሱን ተኩሶ ለብሷል። ሲያያት ለአለቃ እንደሚነሡት ብድግ አለ።

«ጋሼ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ይሄን ቅጽ ሞልታችሁ ፈርሙ አሉን። የፈረመ ሰኞ ወደ ሥራው ይመለሳል።» ወረቀቱን አቀበላት። «ይቅርታውን በራሳችሁ ቃል ጻፉ ይላል። አንቺ ትምህርቱ አለሽ፣ እስቲ እይልኝ።»

በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በተራራቁ ትልልቅ ፊደሎች ጽፎታል፦ «መረጃው ተላልፎ ሳለ በስንፍናዬ ስላልተከታተልኩ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ስነዳ እንዲህ ያለ ስም አልነበረኝም።»

«በስንፍናህ ነው እንዴ?»

ማጅራቱን አሻሸ። «ታዲያ ምን ልበል? ሦስት ሰዓት ላይ እኔ የት ነኝ? መሪ ላይ። ስልክ ከፍቼ ልይ ብል ደግሞ ያባርሩኛል፤ ደንብ ነው። ካየሁት የሚያባርሩኝ፣ ካላየሁት የሚያግዱኝ ከሆነ መታገዱ ሳይሻል አይቀርም።» ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው። «እኔን ያሳፈረኝ ያንቺው ነገር ነው። የዴፖው ልጆች ‹የገዛ እህትህ ስትናገር እንኳ አትሰማም?› እያሉ ይተርቡኛል። አዋረድኩሽ፣ እህቴ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ወረቀቱን መለሰችለት።

«ስብሰባ ደርሶብኛል። እስክወጣ ጠብቀኝ።»

ደረጃውን ስትወጣ ዴፖው ታወሳት። ለሾፌሮቹ መልእክት ይዛ ለመጨረሻ ጊዜ የሄደች ዕለት አንድ ድምፀ ጎርናና ሾፌር ስለ ፍሬን ጠየቃት። «ለሚመለከተው ክፍል እናስተላልፋለን» አለችው። «እሺ፣ ቁልቁለት ላይ የሚመለከተውን ክፍል ልርገጠው?» ሲላት ስድሳ ሾፌር አንድ ላይ በሳቅ ፈነዳ። ያልሳቀው ወንድሟ ብቻ ነበር፤ ጫማውን ነበር የሚያየው። የቀጥታ ስርጭቱን ሐሳብ ያመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ካሜራ አይስቅም። የአስተያየት መስጫውንም «ለሥነ ሥርዓት ሲባል» ብላ አዘጋችው። ሰዓቱንም ለሦስት ሰዓት ቀጠረችው፤ ምክንያቱን ለራሷ እንኳ ጮክ ብላ ተናግራው አታውቅም።

ስብሰባው ላይ ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን ሳይገልጡ «ባጭሩ ንገሪን። ይስማማናል፣ አይስማማንም?» አሉ።

«አይስማማንም።»

ሪፖርቱን ሲያገላብጡ የነበሩት ኃላፊዎች ቀና አሉ።

«የጻፍሽው ግን ይስማማናል ይላል።»

«የጻፍኩት ልክ አይደለም። ሾፌር በሥራ ሰዓቱ ስልክ መክፈት አይፈቀድለትም። ተመልካች ያልናቸውም አብዛኞቹ እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ያለን ሰዎች ነን።»

«እኔም ከፍቼ ነበር» አለ የግዢ ኃላፊው፣ መመስገን እንደሚገባው ሁሉ።

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ። «ችግሩ ሰዓቱ ነው ማለት ነው። ለመሆኑ ሦስት ሰዓት ይሁን ያለው ማነው?»

ሁሉም ጠበቋት።

«አንዳንድ የቴክኒክ ሁኔታዎች ታይተው ነው» አለች፣ ማንም ያልሠራው ሥራ አስመስላ።

«በቃ፣ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል ብለን እንያዘው። አርባ አንዱ ፈርመው ይመለሱ፣ ወረቀቱ ፋይላቸው ውስጥ ይቀመጣል። ማንም አልተጎዳም።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እሷም ነቀነቀች። ከነቀነቀች በኋላ ነው ያወቀችው፤ ጥፋቱ ወደ እሷ እንዳይመጣ ግማሹን እውነት ተናግራ ግማሹን የወንድሟ ፋይል ውስጥ ቀበረችው።

ስትወርድ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ ነው። እስክሪብቶውን ከፍቶ ይዟል።

«እንዴት ነው፣ ልፈርም?»

«አትፈርም። ሌሎቹንም እንዳትፈርሙ በላቸው።»

«ማን አለ ልበል?»

«እኔ።»

«ተይ፣ በኔ የተነሣ እንጀራሽ ላይ ችግር እንዳይመጣ። ምን ተገኘና ነው?»

ኃላፊዎቹ እየተጨዋወቱ ደረጃውን ይወርዱ ጀመር፤ ሥራ አስኪያጁ ከፊት ናቸው። ቢሮዋ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። አስገብታው፣ በሩን ዘግታ፣ ለሱ ብቻ በሹክሹክታ ልትነግረው ትችል ነበር። ቁልፉን እጇ ውስጥ ጨበጠችው። ከዚያ ወደ ቦርሳዋ መልሳ አጠገቡ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ሰዎቹ እስኪደርሱም ጠበቀች።

«ሦስት ሰዓትን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለችው፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «መሪ ላይ እንደምትሆኑ እያወቅኩ።»