ሐረግ የያዘው ክዳን

የቤተሰባችን መቃብሮች ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ማማ ሥር ተደርድረዋል። አራት ማዕዘን የድንጋይ ሣጥን ሆነው፣ ውስጣቸው ባዶ ነው፤ ሙታኑ ያሉት ከታች አፈሩ ውስጥ ነው። የቅድመ አያታችንን ሣጥን ከነከባድ ክዳኑ ይዞ ያቆመው ኖራ አልነበረም፤ የላዩ ሐረግ ነበር። ይህን ለሰበካው ሊቀመንበር ለሚስተር ኦዲ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። እሱ ግን በመቃብር ግቢዎች የውበት ውድድር ካላሸነፍኩ ብሎ የሐረጉን ግንድ ከሥሩ አስቆረጠ፤ ሲደርቅ ሊነቅለው። ይህን ጥፋት ጽዳት ይለዋል!

ቅዳሜ ከሰዓት እህቴ ዊኒፍሬድ ተንበርክካ የቅድመ አያታችንን ስም ከሸፈነው የድንጋይ ሽበት ጋር በብሩሽ ትታገል ነበር። የጎኑ ድንጋይ ወደ ውስጥ ወደቀና ብሩሿን ይዞት ገባ። ብሩሹን ልታወጣ እጇን እስከ ትከሻዋ ሰደደች። ያኔ ክዳኑ ዘመመ።

«ክሌመንት» አለችኝ በቀስታ። «ክንዴ ተይዟል።»

ሮጬ ደረስኩ። የክዳኑ ጠርዝ ክንዷ ላይ አርፏል፤ ቢንሸራተት የሚወርደው ደረቷ ላይ ነው። ከወዲያ በኩል የያዘው ያ ግማሹ የደረቀ ሐረግ ብቻ ነበር። ሲሰነጠቅ ይሰማኛል። አጠገቧ ተንበረከክኩ።

ኦዲ እየሮጠ መጣና ሐረጉን ጨበጠ። «ልሳበው፣ ትላቀቃለች!»

«እጅህን አንሣ!» አንቱታው ከአፌ ጠፋ። «የያዘው እሱ ነው፣ አንተ ደደብ! ከነካኸው እህቴን ትገድላታለህ!»

«ስድቡን እንኳን ይተዉት...»

«ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የመንበርከኪያ ትራሶቹን አምጣ! ሁሉንም!»

«እንዴ! ሴቶቹ ስንት ዓመት የጠለፏቸውን?»

«ኦዲ» አለች ዊኒፍሬድ፣ ጉንጯ ሣሩ ላይ እንደተጣበቀ፣ «ግማሹን የጠለፍኩት እኔ ነኝ። ሂድና አምጣ።»

በክንዱ ሙሉ ታቅፎ ተመለሰ። እኔም ክንዴን ከእሷ ክንድ ጎን ሰድጄ ትራሶቹን አንዱን በአንዱ ላይ ከክዳኑ ሥር መጠቅጠቅ ጀመርኩ። ውስጡ እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛል። ሐረጉ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ክዳኑ ወረደ፤ ዊኒፍሬድ ቃተተች። እጄን ላወጣ ፈለግኩ። ሌላ ትራስ ጨመርኩ።

«ላላ» አለች።

ወገቧን ይዤ ጎተትኩ። ቆዳዋ እየተላጠ ክንዷ ወጣ፤ ሁለታችንም ወደ ኋላ ወደቅን። ሐረጉ ተበጠሰ። ክዳኑ ትራሶቹን ጨፍልቆ ተንሸራተተና እሷ በተንበረከከችበት ሣር ውስጥ ተቀበረ።

ኦዲ አምቡላንስ ሊጠራ ሮጠ። ዊኒፍሬድ በደህና እጇ የኮቴን አንገት ጨምድዳ ይዛለች፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። አምቡላንሱ ሲመጣ ባለሙያዎቹ ጣቶቿን ከኮቴ ላይ አንድ በአንድ አላቀቋቸው።