ሊፍቱ ጅቡቲ ሳለ

የሊፍት ጥገና ስልጠናው ያለ ሊፍት ተጀመረ። አሰልጣኙ ኤልያቄም በመጀመሪያው ቀን ከሠልጣኞቹ ፊት ቆሞ፣ "ሊፍቱ ጅቡቲ ደርሷል" አለ። "እሱ እስኪመጣ በዚህኛው እንለማመዳለን።"

"በዚህኛው" ያለው ቁም ሳጥን ነው።

ቡናማ፣ ባለ ሁለት መዝጊያ፣ ውስጡ የብል መድኃኒት የሚሸት ቁም ሳጥን። ልደታ ኮንዶሚኒየምን የለቀቀ አንድ ቤተሰብ ጥሎት ነው የሄደው። ኤልያቄም መደርደሪያዎቹን አውጥቶ፣ ከውስጥ በቀኝ በኩል የፎቆቹን ቁጥር በማርከር ጻፈበት፤ ከቁጥሮቹ በታች ቀይ ደወል ሣለ። ቦታው ኮሙናሉ ነው፤ ነዋሪው ለድግስ በግ የሚያርድበት፣ እድሩ ድንኳኑንና ድስቱን የሚያስቀምጥበት የጋራ ቤት። ሠልጣኞቹ በእድሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ቁም ሳጥኑን ሲመለከቱ፣ በደጅ ለሚያልፍ ሰው ለቅሶ የተቀመጡ ይመስሉ ነበር። አንዳንዱ ገብቶ "እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ ይወጣል።

አራት ናቸው። ኦልጅራ የታክሲ ረዳት ነበር፤ ድምፁ አሁንም ከአንዱ ብሎክ እስከ ሌላው ይሰማል። ነጅማ ሳምቡሳ ትጠብስ ነበር። በከር ጥበቃ ነበር፤ ብዙ አይናገርም። ማናለብሽ ከሩቅ አልመጣችም። እዚያው ብሎኮቹ ውስጥ ዕቃ ወደ ፎቅ ታወጣ ነበር፤ ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን፣ ሲሊንደር፣ ጤፍ፣ ሰው ቤት ሲቀይር ደግሞ ሶፋ። ቀኝ ጉልበቷ ደረጃ ገና ከሩቅ ሲያይ ማመም ከጀመረ ቆይቷል። ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ "ከደረጃ ራቂ" አሏት። እንጀራዋ ደረጃ ላይ ነው፤ ወዴት ትራቅ?

ሜክሲኮ ያለ አንድ ረጅም ሕንፃ፣ የሙያ ምዘናውን ያለፈ ሠልጣኝ በቋሚ ደመወዝ እቀጥራለሁ ብሏል። ካለፈች ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳትሸከም ወደ ላይ ትወጣለች። ከወደቀች ሲሊንደሩ ይጠብቃታል።

ስለዚህ በዚያ ቁም ሳጥን ላይ ማንም እሷን ያህል አልተጋም።

"ብልሽት ሲያጋጥም መጀመሪያ ምን እናደርጋለን?" ይላል ኤልያቄም።

"'አይሠራም' የሚለውን ምልክት እንሰቅላለን!"

"ጭነት ሲበዛስ?"

"ደወሉ ይጮኻል፣ በሩ አይዘጋም!"

ደወሉ ሥዕል ስለሆነ የሚጮኸው ሠልጣኙ ነው። የማናለብሽ "ጢጢጢጢጥ" ከሁሉም ይበልጣል። ነጅማ፣ "ኧረ ቀስ በይ፣ ጅቡቲ ያለውን እንዳታስደነግጪው" ትላታለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጋሽ ፈቃደ መጡ። ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ከኮሙናሉ አጠገብ ባለው ብሎክ አምስተኛ ፎቅ ይኖራሉ። ከልደታ ማርያም ሲመለሱ ሁልጊዜ በኮሙናሉ ደጅ ያልፋሉ። ያን ቀን አላለፉም። ገብተው ባርኔጣቸውን አነሡና እያንዳንዱን ሰላም አሉ። ከዚያ ወደ ቁም ሳጥኑ ገብተው መዝጊያውን ከውስጥ ሳቡት።

"አምስተኛ" አሉ።



"ንገሯቸዋ" አለች ነጅማ በሹክሹክታ።

"ምን ብዬ?" አለ ኦልጅራ። "'ጋሼ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የገቡት' ልበላቸው? በዚህ ዕድሜያቸው? ማኔ፣ አንቺ ንገሪያቸው፤ አንቺን ያውቁሻል።"

ማናለብሽ ወደ መዝጊያው ተጠግታ አፏን ከፈተች። የጋሽ ፈቃደን ጤፍ ለዓመታት ያወጣችው እሷ ናት፤ አንድም ቀን ውኃ ሳይሰጧት፣ "አረፍ በይ" ሳይሏት ወርዳ አታውቅም። እኚህን ሰው፣ ወጣት በተሰበሰበበት፣ እንዴት አድርጋ ታሳፍራቸው? አፏን መልሳ ዘጋች።

"ተሳፋሪ ገብቶ በሩ ከተዘጋ ሊፍት ቆሞ መቅረት የለበትም" አለ ኤልያቄም ግንባሩን እየጠረገ። "መመሪያው ላይ አለ።"

ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ከእድሩ ድንኳን ሁለት ወፍራም እንጨት መዘዙ፤ በቁም ሳጥኑ ሥር አሳልፈው በገመድ አሰሩ።

"ትንሽ ይታገሡን ጋሼ" አለ ኦልጅራ መዝጊያውን እየዳበሰ፣ "መብራቱ እየዋዠቀ ነው።"

"ግድ የለም ልጄ፣ ግድ የለም" አለ ቁም ሳጥኑ።

ተሸከሟቸው። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ግን ማናለብሽ በዚያ ደረጃ ያላዞረችው ሶፋ የለም። "ግራ ዝቅ! በከር፣ አንሣ! አሁን አዙሩ!" እያለች መራች። ኤልያቄም ከኋላ እየተከተለ በየፎቁ "ቲንግ!" ይላል። አምስተኛ ሲደርሱ ጋሽ ፈቃደ ፊታቸው ገርጥቶ፣ ባርኔጣቸው ተጣሞ ወጡ።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አሉ። ትንሽ አሰቡና፣ "ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ግን ያለከልካል" አሉ።

"ዘይት ይፈልጋል፣ ጋሼ" አለ ኤልያቄም።

በነጋታው በዚያው ሰዓት መጡ። በሦስተኛውም ቀን። ከዚያ ወዲያ የስልጠናው መርሐ ግብር በእሳቸው መምጫ ተስተካከለ።

ነገሩ በዚህ ቢቆም መልካም ነበር። ግን ወይዘሮ እንዳለች፣ አራተኛ ፎቅ ያሉት፣ አንድ ከረጢት ሽንኩርት አምጥተው ከጋሽ ፈቃደ እግር ሥር አስቀመጡ፤ "መቼም መሄዱ ካልቀረ" ብለው። ቀጥሎ የሕፃን አልጋ መጣ። የብሎኩ ኮሚቴ ተሰብስቦ በሊፍቱ ውስጥ ጥሬ ሥጋ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን ወሰነ። የጎረቤት ብሎክ ኮሚቴም ተሰብስቦ፣ እኩል እየከፈልን ለእነሱ ብቻ ሊፍት የገባላቸው በምን መለኪያ ነው ሲል አቤቱታ አቀረበ። ሊፍቱ ቁም ሳጥን ነው ያለ ሰው የለም። ኦልጅራ ከቀድሞ ሥራው ጋር ታርቆ፣ "አምስተኛ፣ አምስተኛ! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ኮሙናሉ በር ላይ ይጣራ ጀመር።

የማናለብሽ ጉልበት አበጠ። ጀሪካን ስትሸከም ቢያንስ መሬት ላይ አስቀምጣ ታርፍ ነበር፤ ጋሽ ፈቃደን መሬት ላይ አስቀምጦ ማረፍ ግን ነውር ነው።

"ከሸክም ልውጣ ብዬ ተመዝግቤ ሰው መሸከም ጀመርኩ" አለቻት ነጅማን ጉልበቷን እያሸች።

"እና ንገሪያቸዋ።"

"አሁንማ እንዴት ይነገራል? በመጀመሪያው ቀን ነበር እንጂ። 'ይህን ሁሉ ጊዜ እያወቃችሁ?' ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?"



የምዘናው ቀን መጣ። ሊፍቱ አልመጣም። የመጡት መዛኟ ወይዘሮ ሠርካዲስ ናቸው፤ ግራጫ ኮት የለበሱ፣ መነጽራቸውን በሰንሰለት ያንጠለጠሉ። ኮሙናሉን አዩ፤ ዓይናቸው በእድሩ ትልቅ ድስት ላይ ትንሽ ቆየ፤ በመጨረሻ ቁም ሳጥኑን አዩ።

"ይህ ነው?"

"በጊዜያዊነት" አለ ኤልያቄም። "ዋናው ጅቡቲ ነው።"

"የሁሉም ዋናው ጅቡቲ ነው" አሉ ወይዘሮ ሠርካዲስ ሳይገረሙ። "ባለፈው ሳምንት ክሬን የመዘንኩት በመጥረጊያ እንጨት ነው። ማን ይጀምራል?"

ኤልያቄም ማናለብሽን አመለከተ። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ "ተሳፋሪ ሲገባ እንደተለመደው አንሡ፤ አምስተኛ ከደረሰ አልፈሻል" አላት።

"የተግባር ጥያቄው አንድ ነው" አሉ መዛኟ። "ተሳፋሪ ይገባል። አንቺ የሊፍቱ ቴክኒሽያን ነሽ። የሚገባውን ታደርጊያለሽ።" ይህን ብለው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገቡ።

መዝጊያውን ሊስቡ ሲሉ ጋሽ ፈቃደ ደረሱ። ሰዓታቸው ነው። ባርኔጣቸውን አነሡ፤ እንግዳዋን እጅ ነሡ፤ "ይቅርታ፣ ጠጋ በይልኝ እህቴ" ብለው ገቡ። ወይዘሮ እንዳለችም ከኋላ ደርሰው ሽንኩርታቸውን አስገቡ። መዝጊያው ተዘጋ።

"አምስተኛ" አለ አንዱ ድምፅ።

"የፈለጋችሁበት" አለ ሌላው።

ኦልጅራ፣ ነጅማና በከር ጎንበስ ብለው እንጨቱን ያዙ። ማናለብሽም ጎንበስ አለች። ጉልበቷ ቋ አለ። እጇ እንጨቱ ላይ ነው። ካነሣች ታልፋለች፤ ኤልያቄም ብሏታል። ግን አንሥታ ያለፈች ሴት ሜክሲኮ ሄዳ ምን ልትሆን ነው? የዚያን ሕንፃ ሊፍትም በትከሻዋ ልታወጣው ነው? ካላነሣች ደግሞ ጋሽ ፈቃደ በእንግዳ ሰው ፊት፣ ከሽንኩርት ጋር፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆመው ይገኛሉ።

እንጨቱን ለቀቀች። ቀና ብላ ሁለቱን መዝጊያዎች ከፈተች።

"ጢጢጢጢጢጥ!" አለች።

ሦስቱ ሸካሚዎች እንደጎነበሱ ቀሩ። ከውስጥ ሁለት ሰዎች አፈጠጡባት።

"ጭነት በዝቷል" አለች በአፍንጫዋ ተንፍሳ። ከዚያ ቀጠለች፤ "ጢጢጢጢጢጥ!"

ወይዘሮ እንዳለች ሽንኩርቱን ጎትተው አወጡ። ማናለብሽ አላቆመችም። ጋሽ ፈቃደ ወረዱ፤ አላቆመችም። ወይዘሮ ሠርካዲስ ወረዱ። ባዶው ቁም ሳጥን ፊት ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ጮኸች።

"አሁንኮ ባዶ ነው" አሉ መዛኟ። "ጭነቱ የታለ?"

ማናለብሽ ዓይኗን ገለጠች። "ጭነቱ ያለው ከውጭ ነው" አለች። "የሚሸከሙት ላይ። ይህ ሊፍት ሰው ይዞ መውጣት አይችልም። ወጥቶም አያውቅም።" "አይሠራም" የሚለውን የካርቶን ምልክት ከግድግዳው አወረደችና መዝጊያው ላይ ሰቀለች። ወደ ጋሽ ፈቃደ ግን መዞር አልቻለችም።

ኤልያቄም አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። በዚህን ጊዜ በእርግጥም ለቅሶ ይመስል ነበር።

ወይዘሮ ሠርካዲስ መነጽራቸውን አደረጉ። "በዚህ ወር ብዙ ቦታ ዞሬያለሁ" አሉ። "የማይሠራውን ሁሉ ሠራን ብለው ነው ያሳዩኝ። ክሬን ነኝ ብሎ እጁን ዘርግቶ የዞረልኝም አለ። የማይሠራውን አይሠራም ያለኝ የለም።" ብዕራቸውን አወጡ። "በቅተሻል። ቀጣይ!"

ማናለብሽ ደስታው ገና ሳይገባት ጋሽ ፈቃደ ክንዷን ያዙ። ወቀሳው መጣ፣ አለች በልቧ።

"እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ" አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ። "ገላገልሽኝ።"

"ምን አሉኝ?"

"ቁም ሳጥን መሆኑንማ እንዴት አላውቅም? እኔ ቁም ሳጥን አጥቼ ነው?" ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩ። "በደጅ ሳልፍ ተሳፋሪ የሌለው በር ስትከፍቱና ስትዘጉ አየኋችሁ፤ አሳዘናችሁኝ። ገብቼ 'አምስተኛ' ልበላቸው፣ 'ደርሰዋል' ይሉኛል፣ ለልምምዳቸው ይጠቅማል ብዬ ነው። ከዚያ እግሬ መሬት ለቀቀ።"

"ታዲያ አይነግሩንም?"

"ተሸክማችሁኝ? ደረጃ መሐል? እንዴት ብዬ?"

"በማግሥቱስ?"

"በማግሥቱ ብቀር ተቀየሙ ትላላችሁ። እኔ እንደሆነ ጨለማ ያስፈራኛል፤ የብል መድኃኒቱ ያስነጥሰኛል። በየፎቁ ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ ነው የምወጣው።"

ማናለብሽ መሳቅ ጀመረች፤ ጉልበቷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ክንዳቸውን ያዘችና ሁለቱም በእግራቸው፣ በየማረፊያው እየቆሙ፣ ወደ አምስተኛ ወጡ። ሦስተኛው ላይ ያለከለኩት ጋሽ ፈቃደ ነበሩ።

አሁን ሜክሲኮ ናት፤ ሰማያዊ የሥራ ልብስ ትለብሳለች፤ ደረትዋ ላይ ስሟ ተጽፏል። ሌሎቹም እያንዳንዳቸው ሕንፃ አግኝተዋል። ቁም ሳጥኑን ወይዘሮ እንዳለች ወስደው ልብስ አስቀመጡበት። ሊፍቱ ጅቡቲ ነው።

በሁለተኛው ወር ጋሽ ፈቃደ ሊጠይቋት መጡ። እሷም ልታሳያቸው ወደ ትልቁ ሊፍት አስገባቻቸው። በሩ በራሱ ተዘጋ። ጋሽ ፈቃደ ወለሉን አዩ፤ ጣሪያውን አዩ።

"ከሥር ማን አለ?" አሉ።

"ማንም የለም ጋሼ። ሞተር ነው፤ ዛሬ ጠዋት እኔው ነኝ ያየሁት። የት ፎቅ ልውሰድዎ?"

"አይ፣ አንቺ ወደፈለግሽበት።"

"ኧረ እርስዎ ይምረጡ!"

"በሞቴ፣ አላስቸግርሽም።"

"ምን ያስቸግረኛል፣ በሞቴ ይበሉ!"

ሊፍቱ ቆሞ ጠበቃቸው። በሩ ማንም ሳይጠራው ተከፈተ፤ ማንም ስላልገባ ተዘጋ። እንደገና ተከፈተ። ሰው በደጅ አለፈ፤ ሁለቱን አየና ሰላም ብሎ ሄደ። በመጨረሻ ማናለብሽ እጇን ዘርግታ አምስትን ተጫነች።

ሊፍቱ ሲነሣ ጉልበቷ ከልምድ የተነሣ ታጠፈ። ጋሽ ፈቃደም ከልምድ የተነሣ ግድግዳውን ይዘው ውዳሴ ማርያማቸውን ጀመሩ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ጆሮ ሰጡ።

የሚያለከልክ አልነበረም።